መንገዱ ላይ ቅጠል አለ

ሸዋ ቤንች፤ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ በደጄ ለሚያልፈው ግን ለማይገባው፣ ለእህቴ ልጅ ለባስልኤል፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህን እንኳ አልጠይቅህም፤ በጋቢናው መስኮት አይቼዋለሁ፤ ከስተሃል። እኔና ተሾመች ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ የዝናቡን ወሬ ከሬዲዮ ቀድሞ ያወራል።

ደብዳቤህ ደርሷል። መጀመሪያ የደረሰው ግን ለዶሮዋ ነው። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ፖስታ ውስጥ ይከታል፤ አንተ ሳሙና ላይ ጠቅልለህ በመስኮት ትወረውራለህ። ዶሮዋ ተርፋለች፤ ግን አኩርፋ እስከ ዛሬ እንቁላል አልጣለችም። ሌላ ጊዜ ስኳር ላይ ጠቅልለው፤ ስኳር ለስለስ ይላል።

ስልክ ለምን አያነሱም ላልከው፣ ጆሮዬን ሞተር በልቶታል። ስልኩን ሳስጠጋው የሚሰማኝ የድሮው መኪናዬ ነው፣ ያውም ዳገት ላይ። ዓይኔ ግን ደህና ነው። እንደምታውቀው ፊደል የቆጠርኩት በትምህርት ቤት ሳይሆን ከፊቴ በሚሄዱ መኪኖች ኋላ ላይ ከተጻፉ ጥቅሶች ነው፤ ስለዚህ አጭርና ደፋር አድርገህ ጻፍልኝ፣ ይገባኛል።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ከጅማ ቴፒ ስትመላለስ በሳምንት ሁለቴ ይህን ዳገት ትወጣለህ፣ ሁለቴ ትወርዳለህ። ክላክስ አድርገህ፣ እጅህን አውጥተህ፣ ዶሮ መትተህ ትሄዳለህ። ተሾመች "አስቀይመነው ይሆን?" ትለኛለች። ጎረቤታችን ኢሳይያስ፣ ያ ከመንገዱ ማዶ ሙዝና ኮረሪማ የሚያለማው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ዋሽቶ የማያውቀው ሰው፣ "ምናልባት ፍሬን እምቢ ብሎት ይሆናል" ብሎ ጸልዮልሃል። ለምን እንደማትቆም ጻፍልኝና ጸሎቱን ወደ ትክክለኛው ቦታ እናዙረው።

ይህን ደብዳቤ የምታገኘው ጫፉን በሰነጠቅሁት ረጅም ቀርከሃ ላይ ተሰክቶ ነው። ኩርባው ጋ፣ መኪናህ ከሰው እርምጃ በማይፈጥንበት ቦታ ቆሜ እዘረጋልሃለሁ። የአንተ ድርሻ መንጠቅ ነው።

አጎትህ ባየ


ጅማ፤ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ባየ፤

ሰላምታዬ ለእርስዎና ለእትዬ ተሾመች ይድረስ። ዶሮዋን ይቅርታ ጠይቁልኝ። ስኳሩን ጠቅልዬዋለሁ፤ ዞር ብላችሁ ጠብቁ።

የማልቆመው በኩርፊያ አይደለም። መኪናው ላይ ጂፒኤስ ተገጥሟል። ካልተፈቀደልኝ ቦታ ትንሽ ከቆየሁ፣ ስምሪት ክፍል ያለው ኃይለሚካኤል ይደውላል። "ባስልኤል፣ ምን ገጠመህ?" ይላል። "አጎቴን ሰላም እያልኩ ነው" ብለው የሚጽፍበት ቦታ የለውም።

ረዳትም የለኝም። ድርጅቱ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ረዳቶቹን ቀንሷል። ዘይቱንም ሳሙናውንም ከሚዛን እስከ ቴፒ በየሱቁ የማራግፈው ራሴ ነኝ። የሚያስቀው ምን መሰለዎት፣ ለሥራ የሚቆጠረው ጎማው ሲዞር ብቻ ነው። ሳራግፍ፣ ወረፋ ስጠብቅ፣ ባለሱቁ ምሳውን እስኪጨርስ ፀሐይ ላይ ስቆም፣ ማሽኑ "እረፍት" ብሎ ይመዘግበዋል። ትርፍ ሰዓቴን ስጠይቅ ኃይለሚካኤል ኮምፒውተሩን አዙሮ ያሳየኛል። እንደ ኮምፒውተሩ ከሆነ በድርጅቱ ውስጥ የእኔን ያህል ያረፈ ሰው የለም።

በእናንተ ጊዜ እንዴት ትሠሩ ነበር? ስትተኙስ የት ነበር? ሌላም የምጠይቅዎት ነበረኝ፤ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ከታች የተሰረዘውን አይመልከቱ።

ባስልኤል


ሸዋ ቤንች፤ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእረፍተኛው ለባስልኤል፤

ስኳሩ በሰላም አርፏል፤ ማንም አልተጎዳም። ተሾመች "እንዲህ ነው እንጂ ደብዳቤ" ብላለች።

የሰረዝከውን አንብቤዋለሁ። አትመልከቱ የተባልኩትን ያለማየት ልማድ የለኝም፤ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ዘርግቼ ነው ያነበብኩት። መልሱ አዎ ነው። ዓይን ተከፍቶም ይተኛል። ሰው ዋቻን መቼ እንዳለፈ ሳያውቅ ራሱን እዚህ ዳገት ላይ ሊያገኘው ይችላል። እብደት አይደለም፤ ድካም ነው። ለፀደንያም አልነግራትም። ሚስት ቀድማ ያወቀችውን ነገር ምን ብዬ እነግራታለሁ?

በእኛ ጊዜ እንዴት ነበር ላልከው፣ እኛም እንደ በሬ ነበር የምንሠራው፤ ወርቅ ዘመን ነበር ብዬ አላታልልህም። ቡና ሲደርስ ከቴፒ ጭነን ስንነሳ ባለንብረቱ "ነገ ጅማ" ይላል። እኛም "ነገ ጅማ" እንላለን። ጭቃው ግን የራሱ ሐሳብ ነበረው። የጎጀብ ቁልቁለት ላይ መኪናው ሁሉ እንደ ዶቃ ተደርድሮ ይቆማል። አንዱ ሾፌር ከቦንጋ ቴሌግራም ይልካል፤ "ጭቃ" ይላል፣ አለቀ። አንድ ቃል ነው፤ መልስ የለውም። ባለንብረት ሾፌር ያባርራል እንጂ ጭቃ አያባርርም። ከዚያ ቡናው ከረጢት ላይ ወጥተን ሸራ ለብሰን እንተኛለን፤ ዝናቡ ሸራውን ሲመታው እንደ እናት እጅ ነበር። እግዜር ለሾፌር ከሰጠው አለቃ ሁሉ ደጉ ጭቃ ነበር።

አስፋልቱ ሲመጣ ጊዜ ደግሞ አጨበጨብን። በሬ አረድን። እንቅልፋችንን ከሥሩ እንደቀበሩት ማንም አልነገረን።

የተረፈችን አንዲት የድሮ ነገር ቅጠል ናት። አንተም ታውቃታለህ፤ መኪና ሲሰበር ሾፌሩ ከጎማው ሥር ታኮ ካደረገ በኋላ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከመኪናው ራቅ አድርጎ መንገዱ ላይ ያነጥፋል። ቅጠል ያየ ሾፌር፣ ከየት ይምጣ ከየት፣ ፍሬን ይይዛል። ሰው ይዋሻል፤ እንደምትለው ማሽንም ይዋሻል፤ ቅጠል ግን አይዋሽም። ይህን ለምን እንዳነሳሁት ገና አላወቅሁትም፤ ሲገባኝ እነግርሃለሁ።

አጎትህ ባየ


ቴፒ፤ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ባየ፤

ሰላም ነዎት? ይህን የምጽፈው የቡና መጋዘን ደጃፍ ወረፋ ላይ ሆኜ ነው። እንደ ማሽኑ አባባል እያረፍኩ ነው።

ቡናው ደርሷል። አሁን ባዶ መኪና ይዘን አንመለስም፤ ሸቀጡን አራግፈን ወዲያው ቡና እንጭናለን። ኃይለሚካኤልን "መቼ ልተኛ?" አልኩት። "ወቅቱ ነው፤ ሁላችንም ነን" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም ጋሼ። ድምፁም እንደኔው ነው።

ስለ ጫት ባይጠይቁኝም፣ እቅማለሁ። ዓይኔን ይከፍተዋል፤ ከዓይኔ ኋላ ያለውን ግን አይከፍተውም።

ህሊና አድጋለች። እሁድ ዕለት ጎረቤታችን "የአባትሽ ሥራ ምንድን ነው?" ብላ ብትጠይቃት "መተኛት" ብላ መለሰች። እኔን የምታየኝ ስተኛ ብቻ ነዋ። ፀደንያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳህን ላጥባ ብላ ወደ ጓሮ ወጥታ ቆየች።

ሌላው ልነግርዎት የፈለግሁት፣ ባለፈው ሳምንት ሺሺንዳን እንዳለፍኩ አንድ

ይቅርታ ጋሼ። እዚህ ላይ ተኝቼ ነው። ከላይ ያለውን ጭረት የጻፈው እስክሪብቶው ብቻውን ነው። ወረፋዬ ደርሷል።

ባስልኤል


ሸዋ ቤንች፤ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእንቅልፋሙ ለባስልኤል፤

አዎ፣ ተኝተህ ሳለ ኃይለሚካኤል ደውሎ ነበር። አንዴም አይደለም። ማን እንዳነሳውና ምን እንደተባለ ጠይቀሃል፤ ግማሹ ታሪክ በእንቅልፍ ስላመለጠህ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ሰኞ ዕለት ስትወጣ ቀርከሃዬን ዘርግቼ ቆሜ ነበር። አየኸኝ። ዓይኔን በዓይንህ አየኸው። ደብዳቤውን ሳትነካ፣ እጅህን ከመሪው ሳታነሳ አለፍክ። ቀርከሃውን ይዤ እዚያው ቀረሁ፤ አስፋልቱ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ሽማግሌ ነበር የምመስለው። ያኔ ነው የቅጠሉ ነገር ለምን ትዝ እንዳለኝ የገባኝ።

በማግስቱ የምትመለስበት ሰዓት ሲቃረብ ከኢሳይያስ አጥር ላይ ቅርንጫፍ ቆረጥኩ። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ የማይዋሽ ሰው ምስጢር ባይሸከም ይሻለዋል። ከኩርባው በላይ አነጠፍኩት፣ ሥርዓቱን ጠብቄ፣ አንዱን ትንሽ፣ ቀጣዩን ትልቅ። ከዚያ ወንበሬን ከኩርባው በታች መንገዱ ዳር አድርጌ ተቀመጥኩ። አንተ ፍሬን እየረገጥክ፣ እየዳበስክ መጣህ። "የተበላሸው መኪና የታለ?" አልከኝ። "ጋቢናው ውስጥ" አልኩህ። ልትቆጣ አስበህ ነበር፤ ቁጣውን ሳትጨርሰው ታዛው ሥር መደቡ ላይ ተኛህ። ጫማህን ያወለቀችው ተሾመች ናት።

ስልክህ ሲጮኽ እኔ አልሰማሁም፤ ተሾመች ፈራች። ያነሳው ኢሳይያስ ነው። ኃይለሚካኤል መኪናው ለምን እንደቆመ ጠየቀው። ኢሳይያስ ወጥቶ መንገዱን አየ፤ ተመልሶ "መንገዱ ላይ ቅጠል አለ" አለው። መኪና ተሰብሮ ነው ወይ ሲባል፣ የተሰበረ መኪና አላየሁም፣ ቅጠሉ ግን ብዙ ነው አለ። ሾፌሩስ ሲባል፣ ሰላም ነው አለ። ይኸው ነው። አንድም ውሸት የለበትም። ኃይለሚካኤልም "መንገድ ዝግ" ብሎ የሚጽፍበት ቦታ አለው መሰለኝ፤ ተወው።

ኢሳይያስ ግን ሲጨነቅ ዋለ። "ዋሸሁ እንዴ ጋሽ ባየ?" ይለኛል። አልዋሸህም፣ ቅጠሉ አለ አልኩት። ጥቂት አሰበና "ቅጠሉ ዋሽቶ ከሆነስ?" አለኝ። እኔ ሳቅሁ።

ከእንግዲህ ስትመለስ ቅጠል ይጠብቅሃል። አንድ እንቅልፍ ትተኛና ትሄዳለህ። ጭቃው ስለሞተ እኔ ተተክቼለታለሁ በል።

አጎትህ ጭቃው


ጅማ፤ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ባየ፤

የእርስዎ መደብ ላይ የምተኛትን እንቅልፍ ፀደንያ ፊቴ ላይ አይታታለች። "ሌላ ሚስት አግብተሃል እንዴ?" አለችኝ። ዳገት ነው ያገባሁት አልኳት።

ግን ሾፌሮቹ አውቀውታል ጋሼ። ዋቻ ምሳ ቤት ስንገናኝ "የባየ ቅጠል" ይሉታል። አንዳንዱ እንደኔ ቆሞ ያርፋል፤ እትዬ ተሾመች ደጁ መናኸሪያ ሆነ ማለታቸውን ሰምቻለሁ። አንዳንዱ ደግሞ የሽማግሌ ጨዋታ ነው እያለ ሳይቀንስ ያልፋል። ኃይለሚካኤልም "እዚያ ዳገት ላይ ሁልጊዜ የሚሰበረው መኪና የማነው?" ብሎኛል። ለጊዜው ስቆ ነው የጠየቀኝ።

ትናንት ያልቆምኩበትን ምክንያት እንዲያውቁልኝ ነው ይህን የምጽፈው። ቡናው ከምሽት በፊት ጅማ እንዲገባ ታዝዤ ነበር። ቅጠሉን ረግጬው አለፍኩ። በመስታወት አየሁዎት፤ ከወንበርዎ ተነስተው ቆመው ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሌላ ጊዜ እቆማለሁ።

ባስልኤል


ሸዋ ቤንች፤ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለባስልኤል፤

እግዚአብሔር ይማርህ። ቀዶ ጥገናው እንደተሳካና እግርህ ብረት እንደገባለት ፀደንያ ለኢሳይያስ ደውላ ነግራዋለች፤ እሱም ለእኔ ጽፎ አሳየኝ። የኢሳይያስን የእጅ ጽሕፈት እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም። ህሊና "አባቴ አሁን በቀንም ሥራ ገባ" አለች ሲሉኝ ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን አልቆየልኝም።

እዚህ ደህና ነን። ዶሮዋ ታርቃናለች። ዘንድሮ ቡናው ጥሩ ነው፤ ለቃሚ ጠፍቶ የኢሳይያስ ዛፍ ሥር ረግፏል። ተሾመች ማር ልካልሃለች፤ የአውቶቡሱ ሾፌር በመንገድ ካልቀመሰው ሙሉ ይደርሳል።

ለምን አልመጡም ብለሃል። ለሁሉም ጉልበቴ ነው ብያለሁ። ጉልበቴ አይደለም።

አደጋው በደረሰብህ ቀን እኔ ሚዛን ገበያ ነበርኩ። ቅጠል አላነጠፍኩም። ከኩርባው በታች የቆመው መኪና የእውነት መኪና ነበር፤ ባሌስትራው ተሰብሮበት። ሾፌሩ ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ነው፤ ቅርንጫፉን ከኔ አስበልጦ፣ ከኔ አርቆ ነው ያነጠፈው። ሌላ ሊቆርጥ ጫካ ገብቶ ሳለ ነው አንተ የመጣኸው፤ እሱም የተረፈው በዚያ ነው። ከገበያ ስመለስ ያየሁትን አልጽፍልህም። ቅጠሉ ላይ የጎማህ ምልክት ነበር። የፍሬን ምልክት ግን ከቅጠሉ በፊት የለም።

 

የእውነቱን ቅጠል የኔ መስሎህ ነው ያለፍከው። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ለትራፊክ ፖሊሱ ሄጄ ልነግረው ነው። ኃይለሚካኤልም እመጣለሁ ብሎ ልኮብኛል፤ ለእሱም እነግረዋለሁ። መንጃ ፈቃድህ በእኔ ጨዋታ አይወሰድም። እሺ በለኝና ልሂድ።

ባየ


ጅማ፤ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ባየ፤

ማሩ ሙሉ ደርሷል። ነርሷም ቀምሳለች።

እሺ አልልዎትም። ቅጠሉን አላየሁትም። ተኝቼ ነበር። ሚዛን ላይ ውሃ መጠጣቴን አስታውሳለሁ፤ ቀጥሎ የማስታውሰው እትዬ ተሾመች በነጠላቸው እግሬን ሲያስሩ ነው። ለፖሊሱም ይህንኑ ነው የተናገርኩት።

እንደማያምኑኝ አውቃለሁ። ስለዚህ እባክዎ ቀጣዩን በደንብ ያንብቡልኝ፣ ወደ ፀሐይም ያዙሩት።

"ተኝቼ ነበር" ስለው ፖሊሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከመቼ ጀምሮ እየሠራህ ነበር አለኝ። ስንት ዓመት ስነዳ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። የነዳሁትን ነገርኩት። ያራገፍኩትንስ አለ፣ እሱንም ነገርኩት። ወረፋ የጠበቅሁትን፣ ቡናው ሲጫን የቆምኩትን ሁሉ አንድ ላይ ጻፈው። ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝና "ታዲያ መቼ ነው የምትተኛው?" አለ። ሸዋ ቤንች ዳገት ላይ ልለው ነበር፤ ዋጥ አደረግሁት።

ጋሼ፣ ያች ወረቀት ላይ ቅጠል የሚል ቃል ከገባ፣ ሰዓቱ ይወጣል። ሁሉም ስለ ቅጠሉ ነው የሚያወራው። "አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ ሲቀልድ አደጋ ደረሰ" ይባልና ነገሩ ያልቃል፤ በማግስቱ ሌላ ሾፌር የእኔን ጭነት ይዞ ይወጣል፣ እያረፈ። ድርጅቱ ኃይለሚካኤልን የሚልከው ለዚህ ነው። መንጃ ፈቃዴን ይያዙት። እንቅልፌን ግን እንዳይወስዱብኝ።

ባስልኤል


ሸዋ ቤንች፤ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለባስልኤል፤

ደብዳቤህን ወደ ፀሐይም ወደ ጥላም አዙሬ አንብቤዋለሁ። አላየሁትም ያልከውን አላመንኩህም። ውሸት የተማርከው ከእኔ ቤት ነው፤ የእጅ ሥራዬን አውቀዋለሁ። የቀረውን ግን አምኛለሁ።

ኃይለሚካኤል ማክሰኞ መጣ። እኔ ቀንድ ያለው ሰው ስጠብቅ ከመኪናው የወረደው ያንተ እኩያ ልጅ ነው፤ ሸሚዙ ትናንት የተለበሰ፣ ዓይኑ በርበሬ የመሰለ። የድርጅቱን መኪና ራሱ ነድቶ ነው የመጣው። በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝና መደቡ ላይ፣ አንተ የምትተኛበት ላይ፣ ተቀመጠ። መደንቆሬን ስለሰማ የሚጠይቀኝን በትልልቁ ጽፎ ነበር ያመጣው። "ቅጠሉን መንገድ ላይ ያነጠፉት እርስዎ ነዎት?" ይላል። ከሥሩ የፊርማ ቦታ አለው።

ምን እንዳደረግሁ ልትጠይቀኝ ነው። ለመደንቆር አስቤ ነበር፤ ኢሳይያስ ግን አጠገቤ ተቀምጦ እጄን እያየ ነበር። ስለዚህ እውነቱን ነገርኩት። አዎ፣ አንጥፌያለሁ፣ ቡናው ከደረሰ ጀምሮ፣ ደጋግሜ። በአደጋው ቀን የነበረው የኔ አልነበረም፤ የኔ ግን የእውነቱን ቅጠል ዋጋ አሳጥቶታል አልኩት። ፊቱ ፈካ አለ፤ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

"እፈርማለሁ" አልኩት። "መጀመሪያ ግን ለምን እንዳነጠፍኩት ከሥሩ ጻፍ።"

እስክሪብቶውን አነሳ። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። መልሶ አስቀመጠው። ያን መጻፍ አልችልም አለ መሰለኝ፤ ከንፈሩን ነው ያነበብኩት። ለምን አልኩት። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ በትንሹ "እኔም እዚያው ነው የምሠራው" ብሎ ጻፈልኝ።

አልፈረምኩም። የፖሊሱ ወረቀት ላይ ያለው ሰዓትህ እንዳለ ነው። ፖሊሱ ራሱ መጥቶ ከጠየቀኝ ግን ቅጠሉንም ምክንያቱንም አንድ ላይ እነግረዋለሁ፤ አንዱን ያለ አንዱ አልሸጥም። ከዚህ በላይ አታስዋሸኝ፤ ዕድሜዬ አይፈቅድም።

ቅጠል ማንጠፍ ትቻለሁ። ወንበሬን ግን አላነሳሁም። ከኩርባው በላይ እቀመጣለሁ፤ መኪና ተሰብሮ ሾፌሩ ቅጠል ሲያነጥፍ፣ እኔ ቀርከሃዬን እያወዛወዝኩ የሚመጣውን ሁሉ "ይህ የኔ አይደለም፣ ይህ የኔ አይደለም" እላለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል። ይሳቅ፤ ፍሬን ይዞ ይሳቅ።

የኃይለሚካኤልን መጨረሻ አልነገርኩህም። ተሾመች ባዶ ሆዱን አይሄድም ብላ የተቀቀለ ጎደሬ ልታመጣ ገባች። ይዛ ስትመለስ ልጁ የለም። ማለት እዚያው መደቡ ላይ ነው፤ ግን የለም። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ፣ አፉን ከፍቶ፣ ልክ እንዳንተ። ተሾመች ጎደሬውን አስቀምጣ ጫማውን አወለቀችለት።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ለካ እሱንም የሚከታተለው አለ። ኢሳይያስ እንደ ልማዱ ከልጁ ኪስ አውጥቶ ያዘው። ከማንሳቱ በፊት ወደ መንገዱ ወጣ፤ ላይ አየ፣ ታች አየ። አስፋልቱ ባዶ ነው፤ አንዲት ቅጠል የለችም። ተመለሰና ምን ልበል በሚል ዓይን አየኝ። እኔ ምን እላለሁ? ያየኸውን በል አልኩት።

ወደ ልጁ ዞሮ አየው። ከዚያ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

"ሰው ተኝቷል" አለ።

ከወዲያ በኩል ያለው አልገባውም መሰለኝ፤ ኢሳይያስ ደገመለት። እውነት ስለሆነ አልፈራም፤ ጮክ አድርጎ ነው ያለው። እኔ እንኳ ሰማሁት።

አጎትህ ባየ